ያለ ዳኝነት ክፍያ ለመክሰስ ስታመለክቱ መንግሥት ቢቃወማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ክስ ለመክፈት የዳኝነት ገንዘብ ይከፈላል። ብዙ ቦታ ሂሳቡ የሚሠራው በሚጠየቀው ነገር ዋጋ ልክ ነው። ቤቱን የተነጠቀ ሰው የቤቱን ዋጋ ያህል ይጠይቃል፤ ክፍያውም በዚያው መጠን ያሻቅብበታል። ቤቱ በእጁ ቢሆን ኖሮ ለመክፈል አያንሰውም ነበር። በእጁ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መክሰስም አያስፈልገውም። ክፍያው ሳይከፈል ክስ የሚጀመርበት፣ በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባለው መንገድ የተከፈተው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ድሆች ያለ ክፍያ እንዲከሱ የሚፈቅድ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1495 ነው።

ብዙ ሰው ማመልከቻውን ሲያስገባ የሚያስበው ስለ ዳኛውና ስለ ተከሳሹ ብቻ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ ግን ፋይል የያዘ ሦስተኛ ሰው ቆሞ ያገኛል። የመንግሥት ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ ነው። አንዲት እናት ችሎት በር ላይ «ተከሳሹ ቢቃወመኝ እሺ። መንግሥትን ምን በደልኩት?» ያሉኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያ ጥያቄ ቀድሞ ቤት ውስጥ፣ ወረቀት እየተሰበሰበ ሳለ መልስ ቢያገኝ ኖሮ ያ ቀን ያን ያህል ባልከበዳቸው ነበር።

መንግሥት ምን አገባው?

የዳኝነት ገንዘብ የመንግሥት ገቢ ነው። በደሃ ደንብ ክስ ሲፈቀድ መንግሥት ያን ገቢ ወዲያው አያገኝም። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃዱ ሁልጊዜ ክፍያውን አይሰርዘውም። በብዙ ሕግ የሚያደርገው ማቆየት ነው። ክሱ ሲያልቅ ሂሳቡ ይሠራና መንግሥት ገንዘቡን ይጠይቃል። እንግዲህ በዚያ ቀጠሮ ላይ መንግሥት የቆመው እንደ አበዳሪ ነው። አበዳሪ ደግሞ «በእርግጥ የለውም ወይ?» ብሎ መጠየቁ ያለ ነው።

ይህን ከያዛችሁ ብዙ ነገር ይቀላል። ዐቃቤ ሕጉ የመጣው በደላችሁን ለማስተባበል አይደለም። ተከሳሹን ወግኖም አይደለም። የሚፈትሸው በዋናነት ኪሳችሁን ነው። ስለዚህ የምትዘጋጁትም ኪሳችሁን በግልጽ ለማሳየት ነው።

ይህን የመንግሥት መብት አንድ በአንድ ከጻፉት ሕጎች መካከል የህንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይገኝበታል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ትዕዛዝ 33 የሚባለው ክፍል በሙሉ ስለዚሁ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያም የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ስለ ደሃ ደንብ ይደነግጋል፤ ይህ ሕግ ሲረቀቅ ከህንዱ ብዙ ወስዷል። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አያደርግም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለምሳሌ ማጣራቱ የራሱ የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው፤ አመልካቹ አቅም የለኝም ያለው ውሸት ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን በማንኛውም ጊዜ ይዘጋል። ከዚህ በታች ቁጥርና ቀን ስጠቅስ የህንዱን ማለቴ ነው። በምትከሱበት አገር ቀኑና ቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል ከመዝገብ ቤት ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ግን የትም ቢሆን ይሠራል።

ደረጃ 1፦ መቃወሚያ የሚሆኑትን ምክንያቶች ቀድማችሁ እወቁ

ማመልከቻ የሚጣልባቸው ምክንያቶች ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉም የሚሄደው በእነዚህ ላይ ነው።

አንደኛው የቅርጽ ጉድለት ነው፤ ማመልከቻው ሕጉ ባዘዘው መልክ ካልተጻፈና ካልቀረበ ይጣላል። ሁለተኛው ዋናው ነው፦ አመልካቹ አቅም አለው የሚል። ሦስተኛው፣ አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 2 ወራት ውስጥ በማጭበርበር ወይም ደሃ ለመባል ብሎ ንብረቱን አስተላልፏል የሚል ነው። ከዚያ የክስ ምክንያት የለውም የሚል ይመጣል። ክሱ በሕግ የተከለከለ ነው የሚልም አለ፤ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ማለፍ፣ እዚህ ይገባል። የቀሩት ሁለቱ ከውል ጋር የተያያዙ ናቸው። አመልካቹ ከሌላ ሰው ጋር ተዋውሎ ያ ሰው ከክሱ ጥቅም እንዲያገኝ አድርጎ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው የክሱን ወጪ ለመሸፈን ተዋውሎ ከሆነ።

እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ከእያንዳንዱ ጎን «የእኔ መልስ» እና «የያዝኩት ማስረጃ» ብላችሁ ክፍት ቦታ ተዉ። ባዶ የቀረው መስመር ዐቃቤ ሕጉ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀጠሮው ቀን ምስክሮች የሚጠየቁት በሦስት ነገሮች ላይ ብቻ ነው፦ አቅም፣ ንብረት ማስተላለፍ እና ከክሱ ለሌላ ሰው ጥቅም የሚሰጥ ውል። አመልካቹ ራሱ ግን ከላይ በተዘረዘሩት በሁሉም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ምስክሮቻችሁን ስትመርጡ የበደሉን ታሪክ የሚያውቀውን ለዋናው ክስ አቆዩት። እዚህ የሚያስፈልጋችሁ ኑሯችሁን የሚያውቅ ሰው ነው።

ደረጃ 2፦ የንብረት ዝርዝሩን አንድም ነገር ሳታስቀሩ ጻፉ

ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሕጉ ከማመልከቻው ጋር የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት ዝርዝር ከግምቱ ጋር እንዲያያዝ ያዝዛል። አመልካቹ ይፈርምበታል፤ እውነት መሆኑንም ያረጋግጣል። ሰው ግን «ደሃ ነኝ እያልኩ ምን ንብረት እጽፋለሁ?» ብሎ ያሳጥረዋል። ሁለት መስመር ጽፎ ይፈርማል። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ሦስተኛውን መስመር ይዞ ይመጣል።

አንድ ያገዝኩት ሰው ነበር። እውነተኛ ደሃ ነው፤ የሚኖረው በዘመድ ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረችውን ሞተር ሳይክል ለጎረቤቱ ሸጧታል። ገንዘቡንም በልቶታል። ሊብሬው ግን አልተዛወረም። በዝርዝሩ ላይ አልጻፋትም፤ ለምን ይጽፋታል፣ የእሱ አይደለችማ። በቀጠሮው ቀን ዐቃቤ ሕጉ አንዲት ወረቀት አውጥቶ ለዳኛው አቀረበ። የተሽከርካሪ ምዝገባ ማስረጃ ነው። ስሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ይህ ስም የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በዝርዝርዎ ላይ አለች?»

«የለችም። ሸጫታለሁ።»

«የሽያጭ ውል ይዘዋል?»

የለውም። በቃል ነው የሸጠው። የዳኛው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሞተሯ አሮጌ ናት፤ ተሸጣም የዳኝነቱን ግማሽ አትሸፍንም። ችግሩ ዋጋዋ አልነበረም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሰውየው የሚናገረው ሁሉ በጥርጣሬ መሰማት ጀመረ። ተለዋጭ ቀጠሮ ለምነን፣ ገዢውን ምስክር አድርገን አመጣነውና ነገሩ ተቃና። መጀመሪያውኑ አንድ መስመር ቢጻፍ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፦ «ሞተር ሳይክል፤ በስሜ ተመዝግባ ትገኛለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት ለጎረቤቴ ሸጫለሁ፤ ስም አልተዛወረም፤ ገዢው ቀርቦ ይመሰክራል።»

ስለዚህ ዝርዝሩን በአራት ዓምድ ሥሩት። ንብረቱ ምንድን ነው? የት ነው፣ በማን ስም ነው? ግምቱ ስንት ነው? አራተኛው ዓምድ ብዙ ሰው የማይጽፈው ነው፦ ለምን ወደ ገንዘብ ሊለወጥ አይችልም? ለምሳሌ እንዲህ፦ «በሟች አባቴ ስም የተመዘገበ ቦታ። ወራሾቹ አራት ነን። ውርሱ አልተከፋፈለም። ታላቅ ወንድሜ ከነልጆቹ ይኖርበታል። ድርሻዬን ብቻዬን መሸጥ አልችልም።» ይህን ያነበበ ዐቃቤ ሕግ ከመዝገብ ቤት የቦታውን ማስረጃ ይዞ ቢመጣ አዲስ ነገር አላመጣም። የነገራችሁትን ነው የደገመላችሁ።

የሚረሱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሳንቲም ብቻ የቀረበት የባንክ ሂሳብ ይረሳል። ከባል ወይም ከሚስት ጋር በጋራ የተያዘ ሂሳብ ይረሳል። ለሰው ያበደራችሁት ገንዘብ ንብረት ነው። በዘመድ ንግድ ውስጥ ለስም ብቻ የገባችሁበት የአክሲዮን ድርሻም እንደዚያው። የጡረታ ገንዘብ፣ ኢንሹራንስ፣ ወርቅ፣ ከብት ካለ ይጻፍ። በስልክ ላይ ያለ የገንዘብ ሂሳብም ዛሬ ባንክ ነው። የስድስት ወሩን እንቅስቃሴ አሳትማችሁ አያይዙ። ከዘመድ የመጣ እርዳታ ካለበት ከጎኑ «የእኅቴ እርዳታ፣ ለልጅ ሕክምና» ብላችሁ በእጅ ጻፉበት። ያለ ማብራሪያ የታየ ገቢ ሁሉ ደመወዝ ይመስላል።

ሁሉም የተዘረዘረ ንብረት ግን አይቆጠርባችሁም። በፍርድ አፈጻጸም ሊያዝ የማይችል ንብረት፣ ለምሳሌ የዕለት ልብስና የማብሰያ ዕቃ፣ የእጅ ባለሙያ የሚሠራበት መሣሪያ፣ ከሂሳቡ ውጭ ነው። የክሱ መነሻ የሆነው ንብረትም እንደዚሁ። የምትከሱበትን ቤት ራሱን «ይኸው ቤት አለው» ብሎ መቃወም አይቻልም። እነዚህንም ጻፏቸው። «ከሂሳቡ ውጭ የሚሆን» ብላችሁ ምክንያቱን አስቀምጡ።

በሌላ በኩል፣ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ውሳኔ እስኪሰጥ ያገኛችሁት ንብረት ይቆጠራል። በመሃል ውርስ ቢደርሳችሁ ወይም ሥራ ብታገኙ ዝርዝሩን አድሱ። ሌላ ሰው ከሚነግርላችሁ እናንተ ብትናገሩ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ «በቂ አቅም የለኝም» የሚለውን በቁጥር አስደግፉ

ደሃ ለመባል ጎዳና ላይ መውደቅ አያስፈልግም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጠው ውሳኔ አመልካቹ ፈጽሞ ባዶ እጁን መሆን እንደሌለበት ተናግሯል። ክፍያውን ከፍሎ ለራሱና ለሚያስተዳድራቸው ሰዎች የዕለት ኑሮ መሸፈን አለመቻሉ ይበቃል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነገሩን ከሌላ ወገን አየው። «በቂ አቅም» ማለት ሰውየው በተለመደና ሕጋዊ በሆነ መንገድ ክፍያውን የሚያህል ገንዘብ ማግኘት መቻሉ ነው አለ።

ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ይጠቅማችኋል። ሁለተኛው ዐቃቤ ሕጉ የሚይዘው ነው፦ «ተበድሮ ወይም አስይዞ ማምጣት ይችላል» ይላል። መልሱ አንድ ገጽ የወር ሂሳብ ነው። በአንድ በኩል የሚገባው ሁሉ፣ በሌላ በኩል የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የልጆች ትምህርት፣ መድኃኒት፣ ዕዳ። ከታች ልዩነቱ። ከዚያ የዳኝነቱን ልክ ከጎኑ አስቀምጡ። ይህ ሂሳብ ትንታኔ አያስፈልገውም። ብድር ጠይቃችሁ የተከለከላችሁበት ደብዳቤ ካለም አያይዙ፤ ወርቅ ነው።

የዳኝነቱን ልክ ቀድማችሁ በትክክል ማስላት እንዳትረሱ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ (ሬጅስትራሩ) ያሰላላችኋል። ክርክሩ ሁሉ የሚለካው በዚያ ቁጥር ነው። ለአነስተኛ ክፍያ አቅም ያለው ሰው ለትልቅ ክፍያ አቅም ላይኖረው ይችላል።

የምትከሱት ስለ ራሳችሁ ካልሆነ፣ ለምሳሌ እንደ ሞግዚት ወይም እንደ ውርስ አጣሪ ከሆነ፣ የሚታየው አቅም በዚያ ኃላፊነት የያዛችሁት ነው። የግል ደመወዛችሁ አይደለም። ይህን በማመልከቻው መግቢያ ላይ ጻፉት። ድርጅትም ቢሆን በዚህ መንገድ ማመልከት እንደሚችል የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ወስኗል።

ደረጃ 4፦ በቅርቡ የሸጣችሁትንና የተዋዋላችሁትን አብራሩ

የ2 ወሩን ነገር ከላይ አንስቻለሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሸጣችሁት ወይም የሰጣችሁት ነገር ካለ መሸጡ ብቻውን አያስወድቃችሁም። የሚያስወድቀው ለማጭበርበር ወይም ደሃ ለመባል ተብሎ የተደረገ ሲሆን ነው። ላሟን የሸጣችሁት ልጅ ታሞ ከሆነ የሆስፒታሉ ደረሰኝ ይናገር። ደግሞም ሕጉ ደግ የሆነበት ቦታ አለ። የተላለፈው ንብረት ዋጋ ተደምሮ እንኳ አመልካቹ አቅም የሌለው ከሆነ ማመልከቻው በዚህ ምክንያት አይጣልም። ስለዚህ ደምሩት። ድምሩን ራሳችሁ ጽፋችሁ አቅርቡ።

ውልን በተመለከተ፣ «ከምታገኘው ላይ ይህን ያህል ትሰጠኛለህ» ብሎ ከሚረዳ ሰው ጋር አትፈራረሙ። በቃልም ቢሆን እንዲህ ያለ ስምምነት ካለ ከማመልከታችሁ በፊት ሕግ አዋቂ አማክሩ። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በዚህ ነው። አንድ ደላላ ወይም «ጉዳይ ገዳይ» ገና ከፍርድ ቤቱ በር ሳትገቡ አንድ ወረቀት ያስፈርማችኋል። ያቺ ወረቀት አንድ ቀን በዐቃቤ ሕጉ እጅ ትገኛለች።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ራሳችሁ ይዛችሁ ቅረቡ

ማመልከቻው በራሱ በአመልካቹ እጅ መቅረብ አለበት። ፍርድ ቤት ከመቅረብ ነፃ የሆነ ሰው ብቻ ነው በወኪል የሚያቀርበው። ወኪሉም ስለ ጉዳዩ ለሚጠየቀው ሁሉ መልስ መስጠት የሚችል መሆን አለበት። ብዙ አመልካቾች አብረው ከሆኑ አንዳቸው ቢያቀርቡት ይበቃል።

ይዘቱ ላይ ማመልከቻው እንደ ማንኛውም የክስ አቤቱታ መሟላት አለበት። ማን፣ ማንን፣ ለምን፣ ምን ጠየቀ የሚለው ካልተሟላ የክስ ምክንያት የለውም ለሚለው መቃወሚያ በር ይከፈታል። በዚያ ቀን ዳኛው ወዲያው ሊጠይቃችሁ ይችላል። የፍርድ ቤቱ ኃላፊም ስለ አቅማችሁ ቀድሞ ሊያጣራ ይችላል። ለዚህ ሰው የምትሰጡት መልስና በችሎት የምትሰጡት መልስ አንድ ይሁን። የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 6፦ የቀጠሮ መጥሪያ ከወጣ በኋላ ያሉትን ቀናት ተጠቀሙባቸው

ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ወዲያው ካልጣለው ቀን ይቆርጣል። ለተከሳሹና ለመንግሥት ጠበቃ ቢያንስ 10 ሙሉ ቀን ቀድሞ ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። እነሱ የሚያጣሩት በዚያ ጊዜ ነው። መሬት ምዝገባ፣ ተሽከርካሪ፣ ግብር፣ አሠሪ ጋ ሊጽፉ ይችላሉ።

እናንተም ቀድማችሁ ሂዱ። ከእነዚያው መሥሪያ ቤቶች «በዚህ ስም የተመዘገበ ንብረት የለም» የሚል ደብዳቤ ጠይቁ። ያለም ከሆነ የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ ይሁን። የጽሑፍ መቃወሚያ ገብቶ እንደሆነ መዝገብ ቤት ጠይቃችሁ ቅጂውን ውሰዱ። ስታነቡት እያንዳንዱን አንቀጽ በእርሳስ ቁጥር ስጡትና በአንድ መስመር መልሱ፦ እውነት ነው፤ እውነት አይደለም፤ እውነት ነው ግን። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ላይ ነው ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ።

ደረጃ 7፦ በቀጠሮው ቀን

ዋናው ወረቀትና ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ ለዳኛው፣ ለዐቃቤ ሕጉ፣ ለተከሳሹ። ሁለት ምስክር ይበቃል። አንዱ አብሯችሁ የሚኖር ወይም ጎረቤት፣ ሌላው ገቢያችሁን የሚያውቅ ቢሆን ጥሩ ነው።

መስቀለኛ ጥያቄ ሲጀመር የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። «በወር ስንት ያገኛሉ?» ለሚለው ቁጥር ነው መልሱ። «ኑሮ ከብዶኛል» መልስ አይደለም። ገቢያችሁ ከወር ወር ከተለያየ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ተናገሩ። ስለ አለባበሳችሁ ወይም ስለ ስልካችሁ ቢጠየቅ አትቆጡ። ያቺ ከላይ ያነሳኋቸው እናት ጥሩ ነጠላ ለብሰው ነበር የመጡት። ዐቃቤ ሕጉ ጠየቃቸው። «ፍርድ ቤት ስለምመጣ እኅቴ አዋሰችኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ዐቃቤ ሕጉ ከክልሉ ሲወጣ ግን ዝም አትበሉ። ስለ በደሉ ዝርዝር ምስክር እያቆመ መሞገት ከጀመረ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ በዋናው ክስ የሚታይ ነው፤ ዛሬ የሚጣራው የእኔ አቅም ነው» በሉ። ረጋ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ዳኛው ይወስንበታል፤ ቃሉም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ክፍያው ራሱ ከኑሯችሁ ጋር የማይመጣጠን መሆኑንም መከራከሪያ ማድረግ ትችላላችሁ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በፖላንድ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከአቅም በላይ የሆነ የዳኝነት ክፍያ ሰውየውን ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን እንዳሳጣው ፈርዷል።

ደረጃ 8፦ ከተፈቀደ በኋላም የመንግሥት ዓይን አይነሳም

ፈቃዱ ሲሰጥ ማመልከቻው እንደ ክስ ተመዝግቦ መደበኛው ክርክር ይቀጥላል። ጠበቃ የሌለው አመልካች ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊመድብለት ስለሚችል ያን ጊዜ ጠይቁ።

ዐቃቤ ሕጉ ወይም ተከሳሹ ግን ፈቃዱ እንዲነሳ ማመልከት ይችላሉ። 7 ሙሉ ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ሊደርሳችሁ ይገባል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። በክርክሩ ወቅት ሰውን ለማንገላታት የሚደረግ ወይም ተገቢ ያልሆነ አካሄድ፣ የአቅም መሻሻል፣ እና ከክሱ ጥቅም ለሌላ የሚሰጥ ውል። ስለዚህ ሰበብ እየፈጠራችሁ ከቀጠሮ አትቅሩ። ሥራ ካገኛችሁ አሳውቁ።

ብታሸንፉ ፍርድ ቤቱ ሊከፈል ይገባ የነበረውን ሂሳብ ያሰላል። መንግሥት ገንዘቡን እንዲከፍል ከታዘዘው ወገን ይቀበላል፤ በተፈረደላችሁም ንብረት ላይ የቀዳሚነት መብት ይኖረዋል። ስለዚህ በፍርዱ ላይ «የዳኝነቱን ተከሳሹ ይክፈል» የሚል ቃል እንዲገባ በአቤቱታችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ብትሸነፉ፣ ፈቃዱ ቢነሳ ወይም ክሱን ብታነሱ ደግሞ ክፍያው ከእናንተ ይጠየቃል። የፍርዱ ግልባጭ ለአስተዳደሩ ገቢ ሰብሳቢ ይላካል፤ እንደ ውዝፍ የመሬት ግብርም ይሰበሰባል። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት።

ደረጃ 9፦ ቢከለከል

በተከለከላችሁበት ጉዳይ ሁለተኛ የደሃ ደንብ ማመልከቻ ማቅረብ አይቻልም። ከፍሎ መክሰስ ግን ይቻላል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። መንግሥትና ተከሳሹ ማመልከቻችሁን ሲቃወሙ ያወጡት ወጪ ካልተከፈለ አዲሱ ክስ ይጣላል። ለዚህ ነው አቅም እያላችሁ «እስኪ ልሞክር» ብላችሁ እንዳትገቡ የምለው።

ሌላው መንገድ የተሻለ ነው። ትዕዛዙ እንደተነበበ፣ ከችሎት ሳትወጡ፣ ክፍያውን የምትከፍሉበት ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱ ጊዜ መስጠት ይችላል፤ ሊያራዝመውም ይችላል። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከከፈላችሁ ክሱ የቀረበው ማመልከቻው በገባበት ቀን እንደሆነ ይቆጠራል። ይርጋ በመሃል ቢያልፍ እንኳ አይነካችሁም። በደረጃ 5 ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቅጂውን አውጥታችሁ ለዳኛው አሳዩና ቀኑ በትዕዛዙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።